ዳንቴል የለበሱ ሞኒተሮች

ማራኪ ወልደኪዳን የተበላሸ ሞኒተር ሲመጣላት መጀመሪያ ታሸተዋለች። ገበያ ወጥቶ ቅቤ እንደሚመርጥ ሰው አፍንጫዋን ከጀርባው ቀዳዳዎች ታስጠጋና፣ ዓይኗን ጨፍና በቀስታ ትስባለች። ከዚያ ትናገራለች። «ይሄ መብረቅ ነው።» «ይሄ አይጥ ነው።» «ይሄ ሻይ ነው፤ ማነው የደፋበት?» ያን ጊዜ ባለቤቱ አንገቱን ይደፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሻዩን የደፋው ራሱ ነው።

ቤቷ ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤትና በአንድ ጫማ መሸጫ መካከል ነው። ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይገባባትም። ከበሩ በላይ የተጻፈው ግን የእሷ ስም አይደለም። «ኸይረዲን ሬዲዮና ቴፕ ጥገና» ይላል። ኸይረዲን ሙያውን ያስተማራት ሰው ነው። ዓይኑ ሲደክምበት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ቁልፉን እጇ ላይ አስቀምጦ ወደ እርሻው ገባ። ብዙ ሰው ጽሑፉን እንድታስቀይር መክሯታል።

«በዚህ ዘመን ሬዲዮ ማን ያመጣልሻል?» ይሏታል።

«ሬዲዮ ባይመጣ እሱ ይመጣል» ትላለች።

እውነትም ኸይረዲን ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ ጎራ ይላል። በሩ ላይ ቆሞ ስሙን እስከ መጨረሻው ያነብና «አለሁ ማለት ነው» ብሎ ይገባል።

ማራኪ የተወለደችው አንጋጫ ነው፤ አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ በከምባትኛ ትጸልያለች፣ ገበያ ላይ በሀዲይኛ ትከራከራለች፣ ስልክ ላይ በአማርኛ ታስረዳለች። ሞኒተር ስትፈታ መጀመሪያ ያየኋት ቀን፣ የእህቴን ይዤላት ሄጄ፣ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ከመስታወቱ ጀርባ ነጫጭ ስስ ንጣፎች አሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ፤ ከሥራቸው ደግሞ መብራት። ሌላ ምንም የለም።

«ሥዕሉስ?» አልኳት።

«ሥዕል የለም። ብርሃን ብቻ ነው ያለው። መስታወቱ እዚህ ጋ ይከለክለዋል፣ እዚያ ጋ ይለቀዋል። ሥዕል የምትለው አንተ ነህ።»

ይህን ብላ መፍቻዋን ጥርሷ ውስጥ ነክሳ ሥራዋን ቀጠለች፤ የተለየ ነገር የተናገረች አልመሰላትም።

ሰው ወደ ማራኪ የሚመጣው ለማስጠገን ብቻ አይደለም። ሞኒተር ከመግዛቱ በፊትም ይመጣል። ከዱራሜ፣ ከአዲሎ፣ ከሺንሺቾ ድረስ ይመጣል። ምክንያቱም ደብተር አላት። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ በእጅ ላብ የጠቆረ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ የሞኒተር ዓይነት የራሱ ገጾች አሉት። በስማቸው ግን አትጠራቸውም፤ እኔም እዚህ አልጠራቸውም። ግንባራቸው ላይ ባለው ምልክት ነው የምትለያቸው፦ ባለ ቀስቱ፣ ባለ ክቡ፣ ባለ ዘውዱ። በየገጹ የመጣበትን ቀን፣ የመጣበትን ከተማና ያጠፋውን ነገር ትጽፋለች። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ «ስልክ ያነሳሉ?» ይላል።

ይህን ዓምድ ለመሙላት ወደ አዲስ አበባ አስመጪዎች ራሷ ትደውላለች። አንዳንዴ ምንም ሳይበላሽ ትደውላለች፤ ለመፈተን። የባለ ቀስቱ ገጽ ላይ እንዲህ ብላለች፦ «ሥዕሉ ከሁሉ ያምራል። ስልኩ ሙዚቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ሰማሁ። ጥሩ ሙዚቃ ነው።» የባለ ክቡ ላይ፦ «ያነሳሉ። ነገ ደውይ ይላሉ። ነገም ያነሳሉ።» የባለ ዘውዱ ላይ ግን አንድ ስም ብቻ ጽፋለች፦ «አቢጋኤል።»

አቢጋኤል በባለ ዘውዱ አስመጪ ቢሮ የደንበኞችን ስልክ የምትቀበል ሴት ናት። ተያይተው አያውቁም። ሰባት ዓመት በስልክ ይተዋወቃሉ።

እንግዲህ አምና ጥቅምት ላይ ጋሽ ሆሴዕ ከሺንሺቾ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከግቢያቸው ጎን አንድ ክፍል ሠርተው የኮምፒውተር ጽሕፈት ማሠልጠኛ ሊከፍቱ ነበር። አሥር ሞኒተር ይፈልጋሉ። ወንበር ስበው ከማራኪ ፊት ለፊት ተቀመጡና፣ እንደ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ።

«ማራኪ ልጄ፣ የትኛውን ልግዛ? እንዳትዋሺኝ።»

«በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚበራው?»

«ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ሠልጣኞቹ ስክሪኑን በጣታቸው ይነካሉ?»

«ወጣት አይደሉ? ይነካሉ፣ ይጠቋቆማሉ፣ ይሳሳቃሉ።»

«እንግዲያው ባለ ቀስቱን ይተዉት። ያምራል፤ ሲበላሽ ግን የሚያናግርዎት ሙዚቃ ነው። ባለ ዘውዱን ይግዙ። ቀለሙ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ ለጽሕፈት ግን ዓይን አይወጋም። የሦስት ዓመት ዋስትና አለው። ጀርባው ላይ የብር ቀለም ያላት ማኅተም አለች፤ እሷ እስካልተነካች ድረስ ሲበላሽ በአዲስ ይቀይራሉ። ደግሞ ስልክ ያነሳሉ።»

ጋሽ ሆሴዕ ሁሉንም ጽፈው፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። አሥር ባለ ዘውድ ገዙ።

ጥር ላይ ሁለቱ ሞቱ። ማራኪ ለአቢጋኤል ደወለች፣ አቢጋኤል ሁለት አዲስ ላከች። ይህ የተለመደ ነው፤ ከአሥር ሁለት ቢበላሽ ማንም አይደነቅም። ግንቦት ላይ ግን አራት ባንድ ሳምንት ሞቱ። ጋሽ ሆሴዕ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ጭነው ላኩላት። ከዚያም ደወሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ማራኪን የጎዳትም ያ ነው።

«ባንቺ ቃል ነበር የገዛሁት» አሉ። «ሃያ ልጅ አለኝ። ሰኔ ላይ የብቃት ምዘና አለባቸው። በስድስት ስክሪን ሃያ ልጅ እንዴት አዘጋጃለሁ?»

ማራኪ አራቱን ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። መብረቅ አይደለም። አይጥም ሻይም አይደለም። ሙቀት ነው፤ ቀስ ብሎ ለሳምንታት የገባ ሙቀት። መክፈት አልቻለችም፤ ማኅተሙ ከተነካ ዋስትናው ያበቃል። በባትሪ ብርሃን በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ከአንዱ ቀዳዳ የፀጉር ያህል ቀጭን ነጭ ክር ተንጠልጥሎ አየች፤ በመቆንጠጫ ሳበችው። ከሁለተኛውም። ከአራቱም። አቧራ ነው ብላ ልትጥለው ነበር፤ የሺንሺቾ አቧራ ግን ቀይ ነው። አራቱን ክሮች ደብተሯ ላይ በፕላስተር ለጠፈቻቸው። አጠገባቸው የጥያቄ ምልክት አደረገች።

ከዚያ ደወለች።

«አቢጋኤል ነኝ፣ ምን ልርዳ?»

«ማራኪ ነኝ፣ ከሆሳዕና።»

«ወይኔ! ስንት ሞቱ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንቺ ስትደውዪ እኮ እፈራለሁ። ሰው እኮ ለሰላምታም ይደውላል።»

«ለሰላምታ ነው የደወልኩት። ሰላም ነሽ ወይ? ልጆች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አራት ሞቱ።»

ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። አቢጋኤል መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው አለች። ማራኪ ስታቢላይዘር አላቸው አለች። አቢጋኤል ሌላ ቦታ እንዲህ አልሆነም አለች። ማራኪ እንግዲያው ለሺንሺቾ መርጣችሁ የተበላሸውን ልካችሁ ነው አለች። ይህን የተናገረች ቀን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷ ቀላ፤ ሆኖም መልሳ ደውላ ይቅርታ አልጠየቀችም። በመጨረሻ አቢጋኤል አለቃዋን አሳመነች።

«ተፈቅዶልሻል» አለቻት። «አራት አዲስ ሐሙስ በአውቶቡስ አስጭናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አለቃዬ የቦታ ምርመራ ቅጽ ይፈልጋል። አንድ ገጽ ነው። ሄደሽ፣ አይተሽ፣ ሞልተሽ፣ ፈርመሽ በቴሌግራም ላኪልኝ።»

በዚያው ቀን ያሲን የሚባል ሹፌር ከአዲሎ መጣ። ሚስቱ ረምላ ፎቶ ቤት ልትከፍት ነው፤ ሞኒተር ሊገዛላት ይፈልጋል።

«እህቴ፣ የትኛውን ልውሰድ? ሱቅ ውስጥ ያየሁት ባለ ቀስት ልቤን ወስዶታል።»

ማራኪ ደብተሯን ገለጠች። በባለ ዘውዱ ገጽ ላይ ስድስት ሞት ተመዝግቧል፤ ስድስቱም ከአንድ ክፍል። ቀይ እስክሪብቶ አነሳች። ባለ ዘውዱን ልትሰርዘው ነበር። ዓይኗ ክሮቹ ላይ አረፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ከሺንሺቾ ስመለስ ና» አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት ዱራሜ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች፤ እዚያ ወርዳ ሌላ ያዘች። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። እንሰቱ ታጥቦ ያበራል፤ ቀዩ አፈር ከመኪናው ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ቅጹን በፕላስቲክ ፋይል ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

የጋሽ ሆሴዕ ማሠልጠኛ ንጹሕ ክፍል ነው። ወለሉ ተወልውሏል፤ በመስኮቱ ጣሳ ውስጥ አበባ አለ። አሥር ጠረጴዛ አለ፤ አራቱ ባዶ ናቸው። በቀሩት ስድስት ላይ ሃያ ወጣቶች ሦስትም አራትም ሆነው፣ ክርን ለክርን ተጋፍተው፣ በአንድ ኪቦርድ ተራ ይጠባበቃሉ። ማራኪ ሶኬቱን አየች፦ ደህና። ስታቢላይዘሩን ለካች፦ ደህና። ከዚያ ሞኒተሮቹን ለማየት ቀና አለች።

አራቱ ራቁታቸውን ናቸው። ሁለቱ ግን ለብሰዋል።

ጥር ላይ አቢጋኤል የላከቻቸው ሁለቱ ናቸው። ከአናታቸው እስከ ጀርባቸው፣ እስከ ጠረጴዛው ድረስ የሚወርድ ነጭ ዳንቴል ለብሰዋል። የአንዱ ጥለት የእንሰት ቅጠል ነው፤ የሌላው ትናንሽ ወፎች፣ ምንቃር ለምንቃር የተያያዙ። ሠልጣኞቹ የፊቱን በኩል እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገልበው ወደ ኋላ መልሰውታል፤ አናቱ ላይ ተደርቦ ተቀምጧል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ የሚያምር ነገር አልነበረም። ማራኪ ራሷ ስትነግረኝ እጆቿን በአየር ላይ ዘርግታ ወፎቹን ልትሠራቸው ሞከረች።

ጠርዙን አንስታ ከሥሩ ተመለከተች። ዳንቴሉ ገበር አለው። የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ታጥቦ፣ በጥንቃቄ ተቆርጦ፣ በመርፌ ተሰፍቶበታል። መዳፏን ሞኒተሩ አናት ላይ አሳረፈች። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ነው።

«ወደድሽው?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የጋሽ ሆሴዕ ባለቤት እትዬ ገነቴ ናቸው። ስልሳ የሚሆናቸው፣ አጭር፣ ፈገግታቸው ከዓይናቸው የሚጀምር ሴት።

«ይሄን ሁሉ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ማን ይሠራልኛል? ሁለቱን ለገና አደረስኳቸው፤ አራቱን ለፋሲካ። የሁለቱን አጥቤ አሁን ለተተኩት ያለበስኳቸው ግን ባለፈው ሳምንት ነው። ክር ባያልቅብኝ አሥሩንም አለብሳቸው ነበር።» ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደው አራት ታጥበው የታጠፉ ዳንቴሎች በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። «የታመሙት አራቱ የለበሷቸው እነዚህ ናቸው። አዲሶቹ ሲመጡ ይለብሳሉ።»

«ወደ እኔ ሲላኩ ግን አልለበሱም ነበር።»

«እንዴ! ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ልብሱን ያወልቅ የለ?»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። እትዬ ገነቴም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለማራኪ ብቻ እንዲሰማ፣ እንዲህ አሉ፦

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ታቅፌ ነው። ሆሴዕ ያስተምራል፣ ልጆቹ ይማራሉ፤ እኔ ምን ልሁን? አቧራን ግን አውቃለሁ። ከአቧራ ልጠብቃቸው ብዬ ነው። ላስቲኩ ደግሞ ጣሪያው ቢያፈስ ብዬ።»

ማራኪ ደብተሯን አወጣች። አራቱን ክሮች ገልጣ፣ በታጠፈው ዳንቴል አጠገብ አደረገቻቸው። ክሩ አንድ ነው። ደብተሩን ዘጋችው።

ምሳ ቀረበ፤ ቆጮ በአይብና በጎመን። ጋሽ ሆሴዕ ቆመው ሲጸልዩ ስለ ምግቡ አመሰገኑ፣ ስለ እንግዳዋ አመሰገኑ፣ ሐሙስ ስለሚመጡት አራት ሞኒተሮችም አስቀድመው አመሰገኑ። «አሜን» ሲባል የማራኪ ድምፅ ከሁሉም ዘግይቶ ወጣ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ሆሴዕን ከግቢው አቮካዶ ዛፍ ሥር ለብቻቸው ነገረቻቸው። የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ስምንት ለበሱ፤ ስድስቱ ሞቱ፣ ሁለቱ እየጋሉ ነው» አሉ። «አራት አልለበሱም፣ አራት ደህና ናቸው።» ጣታቸውን አጠፉ። «ተረጋግጧል። ሌላ መፍትሔ የለውም።»

«ጀርባቸው ላይና አናታቸው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻ ናቸው፣ ጋሽ ሆሴዕ።»

«ገባኝ። ቅጹ ላይ ምን ይላል?»

ዘረጋችላቸው። ስድስተኛው ጥያቄ «የአየር መተላለፊያው ክፍት ነው?» ይላል፤ ከጎኑ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ጋሽ ሆሴዕ መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት። ተነስተው ወደ ክፍሉ ገቡ። ሁለቱን ዳንቴሎች ክንዳቸው ላይ አድርገው ተመለሱ።

«አሁን ክፍት ነው» አሉ። «አዎ በይ።»

«ጋሽ ሆሴዕ...»

«አዎ በይ ልጄ። ከእንግዲህ አይለብሱም፣ ቃሌ ነው። ለምዘናው አሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረው። አይተሻቸዋል፤ አንዱ ሲጽፍ ሦስቱ ይመለከታሉ። አስመጪው አራት ሞኒተር ቢያጣ ምን ይሆናል?» ከዚያ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። «ለገነቴም አትንገሪያት። ምሽት ምሽት ዓይኗ እስኪቀላ ነው የሠራችው። እኔ ክሩ አልቋል፣ ይቅር እላታለሁ።»

ማራኪ እስክሪብቶውን ያዘች። አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። ሃያዎቹ ልጆች ስክሪን ያገኛሉ፤ ሴትዮዋ አያዝኑም፤ ማንም አያውቅም። ግን ደብተሩ አለ። ደብተሩ ላይ ባለ ዘውዱ ስድስት ጊዜ ሞቷል። ነገ ያሲን ሲመጣ ምን ትለዋለች? እነዚያን ስድስት ሞቶች ከሰረዘች ለምን እንደሰረዘች ታውቃለች፤ ካልሰረዘች ደግሞ ደብተሯ ውሸት ይዞ አዲሎ ድረስ ይሄዳል። አንድ ሌላ ነገርም ነበር። «መርጣችሁ የተበላሸውን ልካችሁ ነው» ብላት አቢጋኤል በክፉ አልመለሰችላትም ነበር። «እሺ፣ እንደገና ልጠይቅልሽ» ነው ያለቻት።

እስክሪብቶውን ከደነችው።

«አልችልም፣ ጋሽ ሆሴዕ። ሐሙስ የሚመጣውን ያሳጣዎታል፤ አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

 የመለሰላት ሌላ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ አይደል?»

እትዬ ገነቴ በእጃቸው የእጅ ማስታጠቢያ ጆግ ይዘው የቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ባላቸው ክንድ ላይ የተንጠለጠሉት ሁለት ዳንቴሎች ላይ ነው።

«እትዬ...»

«አፈንኳቸው?»

  ማራኪ ተነስታ ሄዳ እጃቸውን ያዘች፤ የቀኝ መዳፋቸውን ስባ ወደ ክፍሉ አስገባቻቸውና፣ ልብሱ አሁን በወለቀው ሞኒተር አናት ላይ አሳረፈችው።

«ይሞቃል» አሉ እትዬ ገነቴ።

«ይሞቃል። ሲሠሩ ይሞቃቸዋል። ሙቀቱ በነዚህ ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው።»

እትዬ ገነቴ መዳፋቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሱም። ሠልጣኞቹ ጣታቸውን ከኪቦርዱ አነሱ።

«እየሞቃቸው ደርቤ አለበስኳቸው» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ልጅ ያሳደግኩ ሴት።» ከዚያ ቀና ብለው «ያቺን የአዲስ አበባዋን ልጅ ስንት ወር ወቀሳችኋት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሦስት ሳምንት።»

«ደውዪላት። እኔም ላናግራት።»

ማራኪ ደወለች።

«አቢጋኤል ነኝ፣ ምን ልርዳ?»

«ማራኪ ነኝ።»

«ቅጹን ጨረስሽው?»

«አቢጋኤል፣ ሞኒተሮቻችሁ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ የኛ ነው። መተንፈሻቸው በዳንቴል ተሸፍኖ ነበር። ከሥሩም ላስቲክ አለው። ስድስቱም። ባለፈው የተናገርኩሽንም ይቅር በዪኝ።»

 እትዬ ገነቴ ስልኩን ከማራኪ እጅ ወሰዱት።

«ልጄ፣ ገነቴ እባላለሁ። ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። በነማራኪ እንዳትቀየሚ፤ እነሱ አላወቁም።»

 ከስልኩ የተሰማው፣ ድምፁ ተከፍቶ ስለነበር ለሁሉም የተሰማው፣ እንዲህ ነው፦

«እማማ፣ እናቴ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ አለ። ፍሪጁም ላይ አለ። ሬዲዮኑም ላይ አለ። ስልኩን እንደዘጋሁ ልደውልላት ነው።»

እትዬ ገነቴ ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ። ስልኩን ለማራኪ መለሱት።

«ማራኪ፣ እንግዲህ አራቱን መላክ አልችልም» አለች አቢጋኤል። «ለአለቃዬ እነግረዋለሁ፤ ደብቄ አልልክም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ስሚኝ። ሰባት ዓመት ስልክ አነሳሁ። ደውሎ ‹ጥፋቱ የኛ ነው› ያለኝ ሰው የለም። ማኅተሙን ክፈቺው። አንቺ እንድትጠግኚው ፈቃድ አስጽፌ እልክልሻለሁ፤ የቀረው ዋስትና አይሰረዝም፤ ለዚህ እኔ ከአለቃዬ ጋር እጣላለሁ። ዕቃ ሆሳዕና ካልተገኘ ሐሙስ እሱን አስጭናለሁ። ከፍተሽ አይተሽ የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ።»

«ካፓሲተር ነው። የፓወር ቦርዱ ላይ ያሉት ትናንሽ በርሜሎች፣ አናታቸው አብጧል። ዓይነቱን ጻፊ።»

«ሳትከፍቺው በምን አወቅሽ?»

«አሽትቼዋለሁ» አለች ማራኪ።

ሐሙስ አውቶቡሱ ሲገባ አራት ትልልቅ ካርቶን ሳይሆን ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የምትበልጥ እሽግ አመጣ። ፈቃዱም በቴሌግራም መጣ፤ ማኅተም ያለበት፣ የአለቃው ፊርማ ከሥሩ። ማራኪ ዓርብ ሙሉ በሯን ገርበብ አድርጋ ሠራች። ቅዳሜ ኸይረዲን ሲመጣ ስሙን አንብቦ ገባና፣ ስለ ዳንቴሉ ስትነግረው «እኔ ሬዲዮዬን በጋቢ ሸፍኜ ነበር የማስቀምጠው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ ቅርቡን ስለማያይለት በእጁ ብቻ እየዳሰሰ ብሎኖቹን ይዞ አቀበላት።

ሦስቱ በሩ። የመጀመሪያው ሲበራ ኸይረዲን ዓይኑን አጥብቦ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። አራተኛው አልበራም። ስስ ነጫጮቹ ንጣፎች በሙቀት ተጣብቀው ወድቀው ነበር፤ ማራኪ እሑድም ከቸርች መልስ ሞከረችው፤ አልሆነም። ስለዚህ ወደ ሺንሺቾ የተመለሱት ሦስት ናቸው። ጋሽ ሆሴዕ ሲቀበሏት ትንሽ ቀዝቀዝ ብለው ነበር። ግን ወዲያው ሃያ ልጅ ለዘጠኝ ስክሪን አካፍለው፣ የሰዓት ተራ በሰሌዳ ላይ አወጡ፤ ምዘናው እስኪደርስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ አስተማሩ።

ያሲን ከአዲሎ ተመልሶ መጣ።

«እህ? ተመለስሽ?»

ማራኪ የባለ ዘውዱን ገጽ ገለጠችለት። ስድስቱ ሞቶች በአንድ መሥመር ተሰርዘዋል። ከጎናቸው አራቱ ክሮች እንደተለጠፉ ናቸው፤ የጥያቄ ምልክቱ ጠፍቶ አንድ ቃል ተተክቷል፦ «ዳንቴል።»

«ባለ ዘውዱን ግዛ። ሚስትህ ዳንቴል ትሠራለች?»

«ረምላ? ከእኔ በቀር ቤቱን ሁሉ አልብሳዋለች።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሷን አገናኘኝ።»

በቀደም ለእህቴ ልጅ ምዝገባ ሺንሺቾ ሄጄ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠልጣኞቹ ወጡ፤ ጋሽ ሆሴዕ መብራቱን ከማብሪያው አጠፉ። ዘጠኝ ሞኒተሮች ጥቁር ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቀሩ። ያን ጊዜ እትዬ ገነቴ ገቡ። ዘጠኝ ዳንቴሎች ክንዳቸው ላይ ነበሩ፤ አሁን ለሁሉም ደርሷል። ላስቲኩ ተፈትቶ ወጥቷል።

ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ጀመሩ። መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ፣ ጠበቁ፣ አለበሱት። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። መዳፍ፣ ጥበቃ፣ ልብስ። የበረደውን ሁሉ እያለበሱ ሄዱ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አላነሱም። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ አዳመጡ።

«ይሄ ገና ነው» አሉኝ።

ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።